በሌላው ድካም ስለሚኖሩ ዕፅዋት

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ወር ከደሴ ከተማ ወጣ ብሎ በደሴ ዙሪያና በኩታበር በኩል የሚሄድ ሰው በባቄላ ማሳ ውስጥ አንድ እንግዳ ተክል ያያል። ግንዱ ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ የሌለው ነው፤ ቁመቱ ከክንድ የሚያንስም የሚበልጥም አለ። አበባው ከግንዱ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጫፉ ተደራርቦ ይታያል፤ ነጭ ሆኖ ደም ሥር የመሰሉ ሐምራዊ መስመሮች አሉበት፤ መዓዛም አለው። ነገር ግን ይህን ተክል ከጫፉ እስከ ሥሩ ቢመረምሩት አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አይገኝበትም። በቅጠል ፈንታ ደርቆ የቀረ የሚመስል ቅርፊት ብቻ በግንዱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። አበባው እንደዚህ የበዛ ሲሆን የሚመገብበት ነገር አይታይም።

ይህ ተክል በሊቃውንት ዘንድ ኦሮባንኬ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጥራጥሬን አናቂ እንደ ማለት ነው። በባቄላ ላይ የሚወጣው ዐይነት የቀድሞ አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው፤ በግብፅ፥ በሶርያ፥ በሞሮኮና በእስፓንያ ገበሬ ዘንድ ከጥንት የታወቀ ጠላት ሲሆን ወደ ወሎ ደጋና ወደ ደቡብ ትግራይ የገባው ግን በቅርብ ዘመን ነው። ከባቄላም ሌላ አተርንና ምስርን ያጠቃል። ክፉኛ በያዘው ማሳ ላይ ባቄላው ፍሬ ሳይቋጥር ይጠወልጋል፤ አንዳንዱም ገበሬ ተስፋ ቆርጦ ባቄላ መዝራቱን እስከ መተው ደርሷል። ይህ ለወሎ ደገኛ ቀላል ነገር አይደለም። ባቄላ እሸቱ፥ ንፍሮውና ሽሮው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የሚፈለግ ከመሆኑ በላይ፥ ባቄላ የተዘራበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ለስንዴና ለገብስ እንደሚሻል ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ባቄላው ሲቀር የገብሱም ምርት አብሮ ይጎዳል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ተጓዡ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከሆነው ከፍታ 1850 ሜትር ገደማ ወደሆነው ይወርዳልና፥ ከባቄላና ከገብስ አገር ወጥቶ ወደ ማሽላና ወደ ጤፍ አገር ይገባል። የቦርከናም ወንዝ አብሮት ይወርዳል። ከኮምቦልቻ አልፎ በቃሉ ወረዳ ወደ ሐርቡ ሲሄዱ ማሽላ የገበሬው ዋና ሀብት ነው፤ በዚያም ሌላ ሌባ አለ፤ ስሙን የማያውቅ ገበሬ የለም፤ አቀንጭራ ይባላል።

አቀንጭራ መልኩ ያማረ ነው። ሐምራዊና ቀይ የተቀላቀለበት አበባው በነሐሴና በመስከረም በማሽላው መካከል ሲፈካ እንግዳ ሰው አይቶ ይደሰትበታል፤ ባለማሳው ግን ያዝናል። ቅጠሉም አረንጓዴ ስለሆነ የራሱን እንጀራ ራሱ የሚጋግር ይመስላል። በአጠገቡ ያለው ማሽላ ግን ዝናብ ሳይጎድልበት እንደ ተጠማ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ቁመቱም ይቀነጭራል፤ የተክሉ ስም ከዚህ ሥራው ጋር የተዛመደ ነው። ኦሮባንኬና አቀንጭራ መልካቸው ቢለያይም ከአንድ የዕፅዋት ወገን የሚቆጠሩ ዘመዳሞች ናቸው።

የእነዚህን ሁለት ተክሎች ጠባይ ለመረዳት አስቀድሞ የቅጠልን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በቅጠል ውስጥ ክሎሮፊል የተባለ አረንጓዴ ቀለም አለ። ይህ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል፤ ተክሉም በዚያ ብርሃን ኀይል ከሥሩ የመጣውን ውኃና ከአየር የተቀበለውን ካርቦን ዲኦክሲድ አዋሕዶ ስኳር ይሠራል። እንጨቱ፥ ሥሩ፥ ፍሬውና ዘይቱ ሁሉ የሚሠራው ከዚህ ስኳር ነው። ሰውና ከብት ይህን ሥራ መሥራት ስለማይችሉ ከቅጠል ጓዳ ይበላሉ። ስለዚህ አረንጓዴ ቀለም የሌለው ተክል በታየ ጊዜ፥ ይህ ተክል ከማን ጓዳ ይበላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ የሚገኘው በአፈር ውስጥ ነው። ኦሮባንኬ የወጣበትን ባቄላ ከነአፈሩ በዝግታ ነቅለው በውኃ ቢያጥቡት፥ የኦሮባንኬው ግርጌ ድንች መስሎ አብጦ ከባቄላው ሥር ጋር ተጣብቆ ይታያል። የተጣበቀበት ቦታ መምጠጫው ነው። መምጠጫው የባቄላውን ሥር ቅርፊት ሰርስሮ ገብቶ፥ ውኃ ከሚወጣበትና ስኳር ከሚወርድበት ቧንቧ ጋር ይጋጠማል፤ ከዚያ በኋላ ባቄላው በቅጠሉ የሠራውን የኦሮባንኬው ግንድና አበባ ይበላዋል። የአቀንጭራም መምጠጫ እንዲሁ ያለ ነው፤ ነገር ግን እርሱ አረንጓዴ ቅጠል ስላለው ጥቂት ምግብ በራሱ ይሠራል፤ ከማሽላው አብዝቶ የሚስበው ውኃንና በውኃ ውስጥ የሟሟውን የአፈር ማዕድን ነው። ማሽላው ውኃ እንዳይባክንበት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ሲዘጋ አቀንጭራ ግን የራሱን ከፍቶ ይቆያል፤ ስለዚህ ውኃው ወደ እርሱ ይሳባል። ይባስ ብሎ አቀንጭራ ከአፈር በላይ ከመታየቱ በፊት ሳምንታት ያህል በስውር ሲመጥ ይቆያል። ገበሬው አበባውን ባየ ጊዜ የጉዳቱ ትልቁ ክፍል አስቀድሞ ደርሷል። በዚያን ጊዜ መንቀል ለዘንድሮው ማሽላ ብዙ አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ለሚመጡት ዓመታት ነው፤ ምክንያቱም ከዘሩ ጠባይ ይታወቃል።

የአቀንጭራና የኦሮባንኬ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። የአንዲት ዘር ርዝመት ከአንድ ሚሊሜትር ሲሦ አይበልጥም፤ በአንዲት የጤፍ ፍሬ ቁመት ላይ አራት ያህል ሊሰለፉ ይችላሉ። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺሕ የሚቈጠር፥ ከ50 ሺሕም የሚበልጥ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ ኦሮባንኬ ደግሞ ከ100 ሺሕ በላይ ያፈራል። ይህ ሁሉ ዘር በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። የዘራቸው ማነስ ግን ዋጋ አለው። የባቄላ ፍሬ ሲበቅል እስኪያቈጠቍጥና ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የሚበላውን ስንቅ በሁለቱ ክክ ይዞ ይመጣል። የአቀንጭራ ዘር የያዘው ስንቅ ግን ለጥቂት ቀን ብቻ የሚበቃ ነው፤ የሚያወጣትም ሥር ከጥቂት ሚሊሜትር አልፋ አትሄድም። በዚያች ርቀት ውስጥ የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ ይሞታል። እንግዲህ ይህ ዓይንና ጆሮ የሌለው ዘር ሥሩ በአጠገቡ መኖሩን በምን ያውቃል?

ወደዚህ ጥያቄ ከመድረስ አስቀድሞ፥ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ስላላቸው ስለ ሌሎች ዕፅዋት መናገር ይገባል፤ እነርሱም ኦርኪድ የተባሉት የአበባ ወገኖች ናቸው። በኢትዮጵያ ከ160 የሚበልጡ የኦርኪድ ዐይነቶች ይገኛሉ። በዛፍ ላይ የሚኖሩ አሉ፤ ሳቲሪየምና ሀቤናሪያ እንደ ተባሉት በክረምት በደጋው ሣር መካከል ከመሬት የሚወጡም አሉ። በዛፍ ላይ የሚኖረውን ኦርኪድ ብዙ ሰው ዛፉን የሚበላ ይመስለዋል፤ ሐሰት ነው፤ ዛፉ ማደሪያው እንጂ ምግቡ አይደለም። ኦርኪድ በእውነት የሚበላው ሌላ ነው።

የኦርኪድ ፍሬ ሲፈነዳ ሺሕ በሺሕ፥ በአንዳንዱም ዐይነት ሚሊዮን የሚሆን ዘር በነፋስ ይበተናል። ይህ ዘር ስንቅ የለውም። የአውሮፓ አትክልተኞች ብዙ ዘመን ዘርተው አልበቅል ቢላቸው ምክንያቱን አላወቁም ነበር። በ1899 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ኖኤል በርናር የተባለ ወጣት የፈረንሳይ ሊቅ በፎንቴንብሎ ደን ውስጥ ከወደቀ ቅጠል በታች የበቀሉ የኦርኪድ ቡቃያዎች አገኘ፤ መርምሮም በቡቃያዎቹ ገላ ውስጥ ሁሉ የእንጉዳይ ክር ገብቶ አየ። ያገኘው ዐይነት የወፍ ጎጆ ኦርኪድ የሚባለው ነው፤ ሥሩ ተጠላልፎ የወፍ ጎጆ ስለሚመስል ነው ይህ ስም የተሰጠው። መልኩ ቡናማ ነው፤ እንደ ደሴው ኦሮባንኬ ይህም ለምለም ቅጠል የለውም።

ስለ እንጉዳይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከዝናብ በኋላ ጃንጥላ መስሎ የሚወጣው የእንጉዳይ ፍሬው ነው እንጂ ገላው አይደለም። ገላው እንደ ነጭ የሐር ክር በአፈርና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ተዘርግቶ የሚኖረው ነው። አንዳንዱ እንጉዳይ የሞተ እንጨት ያበሰብሳል፤ አንዳንዱ ከዛፍ ሥር ጋር ተዋውሎ ይኖራል፤ ለዛፉ ከአፈር ማዕድን ያቀብላል፥ ከዛፉም ስኳር ይቀበላል። የኦርኪድ ዘር ሲረጥብ የእንጉዳይ ክር ወደ ውስጡ ይገባል፤ እንደ ድውርም ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ቡቃያውም ያን ድውር እየፈጨ ይመገበዋል። ኦርኪድ ሁሉ በሕፃንነቱ የሚያድገው እንደዚህ ነው፤ የወሎም ደጋ ኦርኪድ ከዚህ ሕግ አይወጣም። አብዛኞቹ ካደጉ በኋላ ቅጠል አውጥተው ፀሐይን ይመገባሉ። የወፍ ጎጆ ኦርኪድና እርሱን የመሰሉት ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከእንጉዳዩ ጡት አይለቁም። በአውስትራልያ ምዕራብ በ1928 አንድ ገበሬ መሬቱን ሲያርስ ያገኘው ኦርኪድ ከሁሉ ይደንቃል፤ አበባው እንኳ ከአፈር በታች የሚያብብ ነው።

ታዲያ እንጉዳዩ ራሱ ያንን ምግብ ከወዴት አመጣው? የእንግሊዝ ሊቃውንት ቅጠል ከሌላቸው ኦርኪዶች በአንዱ ላይ ይህን መርምረው በ2000 አስታውቀዋል። በአጠገቡ ለነበሩት ዛፎች ቅጠል ምልክት ያለው ካርቦን ሰጡ፤ ያም ካርቦን ቆይቶ በኦርኪዱ ገላ ውስጥ ተገኘ። ዛፉ ከፀሐይ የሠራው ስኳር በእንጉዳዩ ክር አልፎ ኦርኪዱ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። ኦርኪዱ ፀሐይን አልበላም ቢባልም፥ በመጨረሻ የሚበላው በሌላው ቅጠል የተሠራውን የፀሐይ ምግብ ነው። ከኦሮባንኬ የሚለየው በመካከል አቀባይ በመኖሩ ነው፤ ኦሮባንኬ ከገበሬው ባቄላ በቀጥታ ይወስዳል፤ ኦርኪድ ግን ከእንጉዳዩ ይወስዳል፤ ማንም ገበሬ በእርሱ ምክንያት አልተራበም።

አሁን ወደ አቀንጭራ ዘር እንመለስ፤ በዚህም ቦታ እንጉዳይ ዳግመኛ ይመጣል። በ1966 የአሜሪካ ሊቃውንት ከጥጥ ሥር አንድ ረቂቅ ነገር አውጥተው አገኙ፤ ከእርሱ እጅግ ጥቂቱ በአቀንጭራ ዘር ላይ ሲያርፍ ዘሩ ይነቃል፤ ስሙንም ስትሪጎል አሉት፤ አቀንጭራ በሊቃውንት ቋንቋ ስትሪጋ ይባላልና። ኋላም የማሽላ፥ የባቄላና የብዙ ተክል ሥር እርሱን የመሰለ ነገር ወደ አፈር እንደሚያፈስ ታወቀ። ነገሩ ግን እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። ማሽላ ሌባውን የሚቀሰቅስ ድምፅ ስለ ምን ያሰማል? ከዚያ ቢታቀብ አይሻለውም ነበርን?

መልሱ 39 ዓመት ቆይቶ በ2005 ከጃፓን መጣ። ተክል ያንን ረቂቅ ነገር የሚያፈሰው አቀንጭራን ለመጥራት ሳይሆን እንጉዳይን ለመጥራት ነው። ይህ እንጉዳይ የኦርኪዱ ዐይነት አይደለም፤ ጃንጥላ የማያወጣ፥ በዓይን የማይታይ፥ በአብዛኛው የምድር ተክል ሥር ውስጥ የሚኖር ሌላ ነው፤ ከተክል ጋር የተዋዋለውም ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ማሽላውና ባቄላው ፎስፎር የተባለው ማዕድን ሲያንሳቸው በሥራቸው ይጣራሉ፤ እንጉዳዩም ጥሪውን ሰምቶ ክሩን ወደ ሥሩ ይዘረጋል፤ ማዕድኑንም ከሩቅ ያመጣል። አቀንጭራና ኦሮባንኬ ግን ለወዳጅ የተጠራውን ጥሪ በስርቆሽ መስማት ለመዱ። ገበሬው ደቦ ሲጠራ ሌባው ድምፁን ሰምቶ ቤቱ የት እንዳለ እንደሚያውቅ ያለ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለገበሬ ትልቅ ነገር ነው። የወሎ ሽማግሌዎች አቀንጭራ የደከመ መሬት ይወዳል ሲሉ ኖረዋል፤ ንግግራቸው ትክክል ነው፤ አሁን ምክንያቱ ተገኝቷል። የደከመ መሬት ላይ ያለ ማሽላ ማዕድን ስለተራበ አብዝቶ ይጣራል፤ አብዝቶ ሲጣራም ብዙ የአቀንጭራ ዘር ይነቃል። ፍግ የጠገበ መሬት ላይ ያለው ግን ጥሪው ይቀንሳል። ስለዚህ ፍግ ማሽላውን ከማጠንከሩም በላይ ሌባውን እንደተኛ ይተወዋል። እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር አለ፤ እንጨት በጠፋበት አገር እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ መሬቱም ይራባል፤ አቀንጭራም ይበዛል። መምህር ይህን ሲያስተምር ገበሬውን ባይወቅስ ይገባል፤ ኩበት የሚያነድደው ሌላ ማገዶ አጥቶ ነውና።

ጥሪው ሌላም ዘዴ አስገኝቷል። ዘሩን በሥሩ ጥሪ የሚቀሰቅስ፥ ነገር ግን መምጠጫ የማያስገባ ሰብል ቢዘራ፥ የነቃው ዘር የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። ጥጥ ለአቀንጭራ እንደዚህ ያለ ወጥመድ ነው። በሌሎችም አገሮች ተልባ ለባቄላው ኦሮባንኬ ወጥመድ መሆኑ ተሞክሮ ታይቷል፤ ተልባ ደግሞ ለወሎ ደገኛ እንግዳ ሰብል አይደለም። ይሁን እንጂ በአንድ ዓመት የሚነቃው ዘር ከብዙው ጥቂቱ ስለሆነ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ዘርቶ ማሳው ነጻ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

በዚሁ መንገድ ከሁሉ ሩቅ የሄዱት በወሎንኮሚ ተወልደው በአለማያ ኮሌጅ የተማሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። እርሳቸው በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሲመራመሩ፥ አቀንጭራን እምብዛም የማይቀሰቅስ ማሽላ እንዳለ አወቁ፤ ይህንም ጠባይ ጥሩ ምርት ከሚሰጡ ዐይነቶች ጋር አዳቀሉ። ስለዚህም ሥራቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። በ2017 በታተመ ምርምር ደግሞ እንደዚህ ያለው ማሽላ መጣራቱን እንዳልተወ ተረጋገጠ፤ የጥሪውን ቃል ለውጦታል እንጂ። አቀንጭራ የተለወጠውን ቃል ብዙ አይሰማውም። ከዚህ ሥራ የተገኙት ጎብዬና አብሽር የተባሉት ማሽሎች በኢትዮጵያ ለገበሬ ተሰጥተዋል። አገዳቸው ግን አጭር ነው። አገዳ ለከብት መኖ፥ ለማገዶና ለአጥር በሚፈለግበት አገር ገበሬው ረጅሙን የአባቱን ማሽላ ባይተው አያስደንቅም፤ የሚፈልገው ፍሬውን ብቻ አይደለምና።

ለባቄላው ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሙሉ መድኀኒት አልተገኘም፤ ጥቃቱን ከሌላው ይልቅ የሚችል ዐይነት ቢኖርም ፈጽሞ የማይያዝ የለም። ስለዚህ ዋናው ነገር ንጹሕ የሆነውን ማሳ ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ነው። ዘሩ ዐቧራ ስለሆነ በብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ከተበከለ ማሳ በተገኘ የባቄላ ዘር፥ በገለባ፥ በማረሻና በጫማ ጭቃ፥ በጎርፍም ይጓዛል። ከብት ኦሮባንኬውን ከነፍሬው ቢበላው ዘሩ በሆዱ አልፎ ሳይሞት በእበት ይወጣል፤ ያም እበት በደንብ ሳይብላላ ወደ ማሳ ቢገባ ፍግ የሆነው መልካም ነገር ዘር ዘሪ ይሆናል። ከዘመድ ወይም ከገበያ የባቄላ ዘር የሚቀበል ሰው ከየትኛው ማሳ እንደተገኘ ቢጠይቅ ነውር አይደለም።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ በዓይናቸው ሊያሳያቸው ቢወድ ከተያዘ ማሳ አንድ ባቄላ ከነኦሮባንኬው በመቈፈሪያ አውጥቶ በባልዲ ውኃ ውስጥ አፈሩን በቀስታ ይጠብ፤ ሥሩን ከሥር ጋር የተጋጠመበት ቦታ ግልጥ ሆኖ ይታያል። ይህ ሁሉ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር በፊት ይሁን፤ ፍሬው ከደረሰ በኋላ ተክሉን ወደ ትምህርት ቤት መያዝ ዘሩን በመንገድ መዝራት ነው፤ እጣቢውም ውኃ ወደ ማሳ እንዳይፈስ ይጠንቀቅ። የነቀለውንም በማሳው ዳር ጥሎ አይሂድ። ኦሮባንኬ ከተነቀለ በኋላ በግንዱ ውስጥ የቀረውን ምግብ ተጠቅሞ በመሬት ላይ እንደተጋደመ ፍሬውን ሊያደርስ ይችላልና፥ በአንድነት ተሰብስቦ ደርቆ መቃጠል አለበት።